እይታው ይባዛ እንጂ መዝገቡ አይባዛ፦ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የሐዋሳ እድራችን አባላት፣ ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ ከወዲሁ እንድናበስለው ነው የምጽፈው። ባለፈው ክረምት የሆነውን እናስታውሳለን። የታቦር፣ የመናኸሪያና የሐይቅ ዳር ተጠሪዎች ዋናውን መዝገብ እየቀዱ በየኮምፒውተራቸው ይዘው ነበር። አንዲት እናታችን መዋጮአቸውን በጊዜው ከፍለዋል፤ ክፍያው የተጻፈው ግን በአንዱ ቅጂ ላይ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ባረፉ ዕለት «ውዝፍ አለባቸው» ተባለና ድንኳኑ ዘገየ። በለቅሶ ቤት ደጃፍ ደረሰኝ ሲፈለግ ቆሜ አይቻለሁ። ዳግመኛ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ በጉግል ሺትስ (በኢንተርኔት አብረን በምንጽፍበት የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ላይ ያለው መዝገብ አንድ ብቻ ይሁን። የሚባዛው የተቀመጠው የማጣሪያ እይታ ነው፤ ይኸውም ከመዝገቡ የምንፈልጋቸውን ረድፎች ብቻ ለይቶ የሚያሳይ፣ በስም የተቀመጠ አሠራር ነው። «የታቦር ውዝፍ» የሚል እይታ አንድ ጊዜ እንሠራለን፦ ቀጠናው ታቦር፣ መዋጮው ያልተከፈለ፣ ስሞቹ በቤት ቁጥር የተደረደሩ። ለመናኸሪያ ሲያስፈልገን ከእይታው አማራጮች ማባዣውን ተጭነን፣ በቅጂው ላይ የቀጠናውን ስም መለወጥና አዲስ መጠሪያ መስጠት ይበቃናል። የማጣሪያውና የድርደራው ሕግ ይቀዳል፤ የአባላቱ ረድፍ አይቀዳም። ክፍያ በየትኛውም እይታ ቢመዘገብ የሚጻፈው በዚያው በአንዱ መዝገብ ላይ ነው። እይታ ቢሰረዝም የማንም ስም አይሰረዝም።

ገንዘብ ያዥ፦
እደግፋለሁ። ነገር ግን ትናንት ማታ ስሞክረው ከመናኸሪያ ሦስት አባወራዎች ጠፉብኝ። ምክንያቱን እስካገኝ እኩለ ሌሊት ሆነ። አንዱ ጸሐፊ «መናኸሪያ»፣ ሌላው «መናሐሪያ»፣ ሌላው «መነሃሪያ» ብሎ መዝግቧል። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማጣሪያው ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሐይቅ ዳር» እና «ሃይቅ ዳር» ላይም ይኸው ነው የገጠመኝ። እይታው እንዲህ ሆኖ ከተባዛ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል፤ የሚጎዳውም ስሙ ከዝርዝር የወጣው ሰው ነው። ቀጠና በእጅ መጻፉ ቀርቶ ከተቆልቋይ ዝርዝር (ሲጫኑት ከሚከፈት የተዘጋጀ የስም ዝርዝር) የሚመረጥ እንዲሆን በሐሳቡ ውስጥ ይግባልኝ።

ወሩም እንዲሁ። የእኛ ወራት ለፕሮግራሙ ተራ ቃላት ስለሆኑ በፊደል ተራ ሲደረደሩ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ዓመቱ በአንድ ዓምድ፣ ወሩ ከ1 እስከ 13 በቁጥር በሌላ ዓምድ ይጻፍ።

የሐይቅ ዳር ተጠሪ፦
ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የእኔን እይታ ሌላ ሰው ከፍቶ ቢለውጥብኝስ? ደግሞስ የእኔ ሰፈር ሰው ችግር ለሌላው ሰፈር መታየት አለበት ወይ? ውዝፍ ያለበት ሁሉ እንቢተኛ አይደለም፤ ያጣም አለ።

በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራ አባል፦
እትዬ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የማረም ፈቃድ ያለው ሰው የተቀመጠ እይታን ከለወጠ፣ ለውጡ ያንን እይታ ለሚከፍት ሁሉ ነው። ለዚህ ነው ማባዛቱ የሚጠቅመው፦ ለጊዜው ሌላ ነገር መፈለግ ያለበት ሰው መጀመሪያ ያባዛና በቅጂው ላይ ይሥራ። የማየት ፈቃድ ብቻ ያለው ደግሞ ጊዜያዊ እይታ መክፈት ይችላል፤ እሱ ግን አይቀመጥም።

ምስጢርን በተመለከተ መሸፋፈን አልችልም። የማጣሪያ እይታ መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም። መዝገቡን ማየት የሚችል ሁሉ ማጣሪያውን አንሥቶ ሙሉውን ያያል። ስለዚህ የስልክ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታና የችግር ማስታወሻ ከዚህ መዝገብ ወጥተው፣ ዳኛውና ጸሐፊው ብቻ በሚከፍቱት ሌላ ፋይል ይቀመጡ። በዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ እይታ የሚሸፍነው የረድፍ ክልል አለው፤ ሲባዛም ክልሉን ይዞ ነው። አዲስ አባል ከክልሉ በታች ከተመዘገበ በእይታው ላይ ላይወጣ ይችላል። ምዝገባ በተደረገ ቁጥር ክልሉ ይታይ።

የእድሩ ዳኛ፦
ጥሩ መክራችኋል። የወረቀቱ መዝገብ ግን አይቀርም። ስልክ የማይነኩ አባቶች አሉን፤ መብራትም ይጠፋል። ከየቀጠናው እይታ በየወሩ አንድ ዝርዝር ታትሞ ለተጠሪው ይሰጥ። ደግሞም ለቀብር አገልግሎት ውዝፍ እንዳይጠየቅ በግልጽ ይጻፍ። ሒሳብ ከሠልስት በኋላ ይደርሳል።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም ተቀብዬ ጽሑፉን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «የእድሩ መዝገብ አንድ ነው፤ ፋይሉን መቅዳት ለመጠባበቂያ ካልሆነ በቀር የተከለከለ ነው። ለየቀጠናው የሚያስፈልገው እይታ ከአንድ ናሙና ይባዛል፤ ስሙም የቀጠናውንና የአዘጋጁን ኃላፊነት ይገልጻል። ከመባዛቱ በፊት የቀጠና ስሞች ይታረማሉ፤ ወራት በቁጥር ይጻፋሉ። የግል መረጃ በተለየ ፋይል ይቀመጣል። በየወሩ ዝርዝር ይታተማል። በቀብር ዕለት ውዝፍ አይጠየቅም።»

ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ። ገንዘብ ያዣችን የታቦርንና የመናኸሪያን ስሞች ያርማሉ። እትዬ፣ የሐይቅ ዳርን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን እናርማለን፤ የወረቀቱን መዝገብ ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ።