ሞክሼ ለሰው ብቻ ነው ወይስ ለነገርም?

ባለ ካሜራው (ከአዳማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ እህታችን "ሞክሼ የሚባለው ሰው ብቻ ነው ወይስ ዕቃም፣ ቦታም ሞክሼ ይኖረዋል?" ብላ ጠይቃ ነበር። ብዙዎቻችን "ለሰው ብቻ" ብለን አለፍን። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሁለት ወር ሆነኝ፣ አዳማ ውስጥ "ፀሐይ" የሚባለውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ። ሰውም ይሁን ሱቅ፣ ባጃጅም ይሁን፣ ስሙ ፀሐይ ከሆነ አነሳዋለሁ። የጀመርኩት በእናቴ ነው። ስሟ ፀሐይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግን ሦስት ፀሐዮች ስላሉ "ፀሐይ" ብቻ ብሎ የሚጠራት የለም። እሷ "ቀይዋ ፀሐይ" ናት። ጎረቤታችን "ልብስ ሰፊዋ ፀሐይ" ናት። ሦስተኛዋ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር "የባቡሩ ፀሐይ" ትባላለች። ሦስቱ እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ ይሄም ሁሉ ይቀራል። "ሞክሼ!" "አቤት ሞክሼ!" ነው። ልጅ ሆኜ የሦስቱም እውነተኛ ስማቸው ሞክሼ ይመስለኝ ነበር።

ሞክሼን የምወደው በዚህ ነው። ስለ ሰው የምናወራበት ብቻ ሳይሆን ሰውን የምንጠራበት ቃል ነው። ስለ ሰው ስናወራ "ስመ ሞክሼው" እንላለን። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን "ሞክሼ" ይበቃል። የራስን ስም በሌላ ሰው ላይ መጥራት አፍ ላይ ይከብዳል። ሞክሼ ያንን ያቀላል፣ ዝምድናም ይጨምርበታል።

ከሰዎቹ ቀጥሎ ወደ ታፔላዎቹ ሄድኩ። ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ወፍጮ ቤት፣ ምግብ ቤት። ከፍራንኮ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግሬ ዞርኩ። ስሙ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ግን የተለያየ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ይላል። ሌላው «ጸሐይ»። ሌላው «ፀሀይ»። ሌላው «ጸሃይ»። አንድ ባጃጅ ከኋላው «እማ ፀሃይ» የሚል ተለጥፎበታል። ቤት ገብቼ በወረቀት ሠራሁት። መጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ይሆናል፣ ሁለት አማራጭ። መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ይሆናል፣ ስድስት። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱም ሲነበቡ ያው ፀሐይ ናቸው። ያገኘሁት ገና አምስቱን ነው።

እነዚህን ፊደላት ደግሞ ምን ብለን ነው የምንጠራቸው? ሞክሼ ሆሄያት! ሀ፣ ሐ እና ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። ለካስ ቃሉ ከሰው ወጥቶ ፊደል ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ግን ጥያቄው ሲነሳ ማናችንም ትዝ አላለንም።

የተጻፈ ፊደል ላይ ያለኝን ፍቅር ታውቃላችሁ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በግዕዝ እነዚህ ፊደላት ሞክሼ አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ግን ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ ፀሐይ የምትሠርቀው በዚህኛው ነው። ምሥራቅም ከዚያ የመጣ ነው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ሲሆን አባቶች ፊደላቱን እንዴት ለዩዋቸው? ልክ እንደ ሰፈሬ ሰዎች፣ ቅጽል ስም አወጡላቸው። ሃሌታው ሀ። ሐመሩ ሐ። ብዙኃኑ ኀ። ጸሎቱ ጸ። ሦስት ዓይነት ሀ ሰፈር ውስጥ ቢኖሩ እናቴም የምትለያቸው እንዲሁ ነበር።

ፀ ደግሞ ምን ይባላል? ፀሐዩ ፀ!

ይሄንን ያስታወሰኝ አንድ ታፔላ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። "አባባ፣ ለምን በዚህኛው ፀ ጻፉት?" አልኳቸው። ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ "ይሄ እኮ ፀሐዩ ፀ ነው፣ ልጄ። ፀሐይ በሱ ካልተጻፈ ማን ሊጻፍበት ነው?" አሉኝ። ፊደሉን ብቻ አስጠግቼ አነሳሁት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ከሰበሰብኳቸው ሁሉ የምወደው ፎቶ እሱ ነው። ሰው አይደለም፣ ሱቅ አይደለም፣ ግን ስሙ ፀሐይ ነው።

አሁን ሐሳቤን ወዳስቀየረችኝ፣ ፀሐይ ወደምትባል የጉሊት ነጋዴ ልምጣ። ቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። የአዳማን ስድስት ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰዓት ሰው ፎቶ ማንሳት አይመከርም። ፀሐይ ከአናት ላይ ስትወርድ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ፊት ይደክማል። ጠዋት በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ጥሩው። እሷ ግን ሸቀጧን ሽጣ የምትሄድ ሰው ናት፣ እስከ 11 አትጠብቀኝም። ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታለች። ስሟን ስትነግረኝ ለምን እንደመጣሁ አስረዳኋት። ሳቀች። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችና ወደ ላይ ቀና ብላ "ሞክሼዬ ዛሬ ጨክናብኛለች" አለች።

ስለጠየቅኋት አይደለም ያለችው። ከአፏ እንዲሁ ወጣ። ያቺን ሰማይ ላይ ያለችውን "ሞክሼዬ" አለቻት፣ እንደ ጎረቤት። እና የኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ሞክሼ ለነገርም ይሆናል፣ ግን የሚጠራው ሰው ያስፈልገዋል። ሁለት ድንጋዮች አንድ ስም ቢኖራቸው ለኔ ሞክሼ አይደሉም። ሰው ከድንጋዩ ጋር ስም ተጋርቶ "ሞክሼ" ካለው ግን አለቀ፣ ሆነ።

ምን ትላላችሁ?

የግዕዝ ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ሆሄያቱን እንደዚህ አድርገህ ከሰፈር ጋር ማገናኘትህ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምርልህ። አሥራ ሁለት ያልከው የጽሑፉን ብቻ ነው። በአፍ ደግሞ ሌላ አለ። ገጠር ያደገ ሰው "ጣይ" ነው የሚለው። "ጣይ ወጣች፣ ጣይ ገባች" ይባላል። ፀ ወደ ጠ ስትዞር ጾም ጦም፣ ፀበል ጠበል፣ ፀጉር ጠጉር እንደሚሆነው ነው። ሐ ደግሞ መሐል ላይ ጠፋች። እንግዲህ እቴጌ ጣይቱስ? ስማቸው ከዚሁ ከጣይ ነው። የክብር ስማቸውም "ብርሃን ዘኢትዮጵያ" ነበር። ለእናትህ ሞክሼ ናቸው አይደሉም? እኔ ናቸው እላለሁ።

ከሐዋሳ፦

ባለ ካሜራው፣ አውሮፕላኗን ረሳሃት! "ፀሐይ" የተባለችው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ነው የተመለሰችው። ግን ለኔ እሷ ሞክሼ አይደለችም። ስሟ የልዕልት ፀሐይ ነው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ። ሰው አስቦበት ሲያወጣው "በስሟ ተሰየመች" ነው የምንለው። ሞክሼ ሳይታሰብ የሚገጥም ነው።

ባለ ካሜራው፦

የጣይቱን ተቀብያለሁ፣ እህ ብዬ ነው ያነበብኩት። ስለ ድምፁ ያልከው ትክክል ነው። እናቴ ራሷ ሲሞቃት "ጣይዋ" ትላለች፣ ልብ አላልኩትም ነበር።

የሐዋሳዋ እህቴ፣ ልዩነቱ ጥሩ ነው፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። ነገር ግን ልጅ በአያቷ ስም ስትጠራ "የአያቷ ሞክሼ" እንላታለን። ያ ታስቦበት የወጣ ስም ነው። ስለዚህ ማሰቡ ብቻ ሞክሼነትን አያፈርሰውም። አውሮፕላኗ ሞክሼ የማትሆነው "አቤት" ስለማትል ይመስለኛል። ልዕልቲቱም ለንደን ነርስነት ተምረው የመጡ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ያረፉ ሴት ናቸው፤ "ሞክሼ" ብለው ሊጠሯት ጊዜም አላገኙ።

የግዕዝ ተማሪ፦

እናትህ ፎቶዎቹን ሲያዩ ምን አሉ?

ባለ ካሜራው፦

ትናንት ማታ ቡና እያፈላች አሳየኋት። ልብስ ሰፊዋንና የባቡሩን ስታይ "ሞክሼዎቼ" አለች። የፊደሉ ፎቶ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ይሄ የኔ አይደለም" አለች። "የኔ በዚያኛው ነው።" ተነሥታ ከሣጥን ውስጥ የቆየ ወረቀት አመጣች። በ1970ዎቹ መሠረተ ትምህርት ስትጨርስ የተሰጣት የምስክር ወረቀት ነው። ስሟ በእጅ ተጽፏል፦ «ጸሀይ»። በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ።

እኔ ስለ ፀሐዩ ፀ ላስረዳት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ማንበብ የጀመረችው በዚያ ስም ነው።

ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አስጠግቼ አነሳሁት። ይሄኛውን አጻጻፍ እስካሁን አላገኘሁትም ነበር። ስድስት ደረስኩ።