የአንጀት አውታር አልረጋ አለኝ፤ በገና ደርዳሪዎች እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቼሎ (ተቀምጠው በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) እጫወታለሁ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የዮሴፍ ማርቲን ክራውስን ኳርቴት (ለአራት ተጫዋቾች የተጻፈ ሙዚቃ) እያጠናን ነው። ክራውስ እንደ ሞዛርት በ1756 (እ.ኤ.አ.) ተወልዶ በስቶክሆልም ቤተ መንግሥት ያገለገለ የሙዚቃ ደራሲ ነው። እንዲህ መረሳቱ ያንገበግበኛል።

በክራውስ ዘመን ወግ ስለምንጫወት ቼሎዬ መሬት የሚረግጥበት ብረት የለውም፤ በባቶቼ መካከል ነው የምይዘው። አውታሩ የበግ አንጀት ነው። ችግሬም እሱ ነው። «ላ» የተባለውን ድምፅ 430 ኸርዝ ላይ ቃኝቼ እጀምራለሁ፤ ክፍሉ በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ቅኝቱ ይዛባል። ትናንት ደግሞ ቀጭኑ አውታር ቀስቱ በሚያርፍበት ቦታ ተተልትሎ አገኘሁት።

የበገናም አውታር የበግ አንጀት ነውና ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ዘይት ትቀቡታላችሁ? አዲስ አውታር ከተወጠረ በስንት ቀኑ ይረጋል? ኮንሰርታችን ቅዳሜ ነው፤ እባካችሁ።