ስክሪፕቱን ጽፌ ፕሮዲውስም የማደርገው እኔው ነኝ፤ መብቱና ቀረፃው እንዴት ይያዝ?

የአራዳዋ
ጤና ይስጥልኝ። የ112 ገጽ የአማርኛ ፊልም ስክሪፕት ጨርሻለሁ፤ ፕሮዲውስ የማደርገውም እኔው ነኝ። ታሪኩ ፒያሳና ካዛንቺስ ነው የሚካሄደው። 31 ሎኬሽን፣ ብዙ የሌሊት ትዕይንትና አንድ ትልቅ የሠርግ ድግስ አለው። አንድ ዘመዴ ከወጪው ከፊሉን ሊሸፍን ፈቃደኛ ነው፤ ግን «ስክሪፕቱ ፊልሙን የሚሠራው ድርጅት ንብረት ይሁን» ይላል። ልስማማ? 112 ገጽስ ስንት ሰዓት ይወጣዋል? ቀረፃውን መጋቢት ልጀምር ወይስ ከክረምት በኋላ?

ውል ተመልካች
እህቴ፣ ከካሜራው በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በፋይል ከሰፈረ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። ጥበቃው ዕድሜሽን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ካፌ ተቀምጠሽ የተረክሽውን ታሪክ ሌላ ሰው ቢጽፈው የምትከራከሪበት ነገር የለሽም። ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የምስክር ወረቀት ማውጣቱ ግን ይጠቅማል፤ ጠብ ሲነሳ ቀን ያለው ማስረጃ ይሆንሻል።

ዘመድሽ ያለው ነገር ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ። በዚያው አዋጅ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «ድርጅቱ ያጻፈው» የምትል አንዲት ቃል ከገባች ስክሪፕቱ ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። ይልቅ ሁለት ቦታ ፈርሚ፤ አንዴ እንደ ጸሐፊ ፈቃድ ሰጪ፣ አንዴ እንደ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ተቀባይ። ፈቃዱ ለአንድ ፊልም ብቻ፣ ዓመቱ የተቆረጠ ይሁን። ቀረፃው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ መብቱ ወደ አንቺ ይመለስ። ተከታይ ክፍል፣ ተከታታይ ድራማ፣ ልቦለድና መድረክ በስም ተጠቅሰው ላንቺ ይቅሩ። ይህ ሁሉ የግድ በጽሑፍ ነው፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ አይጸናም።

የዘመድሽ ብር ወደ ድርጅቱ ነው ወይስ ወደዚህ ፊልም ብቻ የሚገባው? የድርጅቱ ባለድርሻ ከሆነ ነገ ከምትሠሪው ሁሉ ይካፈላል። የዚህ ፊልም ገቢ ተካፋይ ከሆነ ግን እዚሁ ያበቃል። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሚፈቅድ ብቻሽን አቋቁመሽ ከእሱ ጋር የገቢ መጋራት ውል ልትፈራረሚ ትችያለሽ። ያወጣው ብር መጀመሪያ ተመልሶለት ነው ትርፉ የሚከፈለው ወይስ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ? ይህን ሳይጽፉ የተለያዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የጽሑፍ ዋጋሽንም በጀቱ ውስጥ አስገቢው። በጥሬ ባትቀበዪው እንኳ መዋጮሽ ሆኖ ይቆጠር፤ ካልጻፍሽው በነፃ እንደሰጠሽ ነው የሚታየው።

ውሉን ውልና ማስረጃ አስመዝግቢ። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፤ ወደ ፊት የውጭ አከፋፋይ ውሉን ቢያይ የእኛን ዓመት ያለፈ ዓመት አድርጎ ያነበዋል።

ፕሮግራም አውጪ
«አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ኩሪየር በሚባለው ፎንት በ12 መጠን ለተጻፈ የእንግሊዝኛ ስክሪፕት የወጣ ልክ ነው። ኩሪየር የግዕዝ ፊደል የለውም፤ የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ አንድ ቀለም ስለሆነ ገጹ ብዙ ንግግር ይይዛል። ስለዚህ 112 ገጽሽ ከሁለት ሰዓት በደንብ ሊያልፍ ይችላል። ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ሰዓት ያዢ፣ ንግግር የሌለበትንም ድርጊት እየተነሳሽ ሠርተሽ ለኪው። ጽሑፉ በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) መሆኑንም አረጋግጪ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ብቻ ይሆናል።

31 ሎኬሽን ለአነስተኛ በጀት ከባድ ነው። ዕቃ ጭኖ መዘዋወር ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። በቀን አራት ገጽ ብትቀርፂ 112 ገጽ 28 ቀን ነው፤ የመዘዋወሪያው ጊዜ ደግሞ በላዩ ነው። ስክሪፕቱን ወደ 95 ገጽና ወደ 12 ሎኬሽን አውርጂው። በረንዳ ላይ ያለ ንግግር ሳሎን ቢሆን ታሪኩ አይጎዳም። ቤት ውስጥ ያለ የሌሊት ትዕይንት መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነሽ ቀን ይቀረፃል። ውጭ የሆነውን ወደ ምሽት ካዞርሽው ደግሞ ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደምትጠልቅና ድንግዝግዙ ከግማሽ ሰዓት እንደማያልፍ አስቢ። በአንድ ምሽት የሚበቃው ለአንድ አጭር ትዕይንት ነው።

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ብዙ ፈርሶ መልኩ ተቀይሯል። በትዝታ የጻፍሽው ጠጅ ቤት ወይም ቅያስ ዛሬ ላይኖር ስለሚችል ሄደሽ በእግርሽ እዪ። የአንዱን ሎኬሽን የውጭ ትዕይንት በሙሉ በተከታታይ ቀናት ጨርሺ፤ ከስድስት ወር በኋላ የጎደለ ሾት ፍለጋ ስትመለሺ ግድግዳው አይገጥምም። የትብብር ደብዳቤውን ለክፍለ ከተማ፣ ለወረዳና ለፖሊስ ለየብቻ ይዘሽ ዙሪ። ድሮን ካለሽ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድም ያስፈልጋል።

መጋቢት? የሠርጉን ድግስ አስቢ። በአብዛኛው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ የሚጾም ተዋናይ ሥጋ በአፉ አያደርግም፣ አጃቢዎቹም እንዲሁ። ያንን ቀን ከፋሲካ በኋላ አድርጊው፤ በዓለ ሃምሳ ካለፈ ግን ረቡዕና ዓርብ አይሁን።

ባለ ቡሙ
ከላይ ያሉት ድምፅን አልነኩትም፤ ገንዘብ የሚያልቀው ግን እዚያ ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀረፀ ንግግር አይድንም፤ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና መቅዳት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የንግግር ትዕይንት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አታድርጊ። ጄኔሬተሩ ቢያንስ 40 ሜትር ርቆ ከግንብ ጀርባ ይቀመጥ፤ ለዚያ የሚበቃ ወፍራም ኬብል ቀድመሽ ተከራዪ። በየሎኬሽኑ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅጂ፤ ኤዲተሩ ቁርጡን የሚሸፍነው በዚያ ነው።

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰኮንድ አድርጊ። በ24 ፍሬም የግድ ከተባለ የሸተሩ ማዕዘን 172.8 ዲግሪ ይሁን። ካልሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፣ ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም።

የአራዳዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ባለ ቡሙ፣ የዲስክ ቦታስ ስንት ልያዝ? ሠርጉ ላይ የታወቀ ዘፈን ባስገባስ?

ባለ ቡሙ
በሰኮንድ 400 ሜጋቢት የሚቀርፅ ካሜራ በሰዓት 180 ጊጋባይት ይወስዳል። በቀን ሁለት ሰዓት ምስል ለ20 ቀን ብትሠሪ 7.2 ቴራባይት ነው፤ በሦስት ቅጂ ወደ 22። አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይደር። ሁለት ቅጂ ተከፍቶ ሳይታይ የካሜራው ካርድ ላይ ያለው አይሰረዝ።

ለዘፈኑ የግጥሙን፣ የዜማውንና የተቀዳውን ድምፅ ባለቤቶች ለየብቻ ጠይቂ፤ ድምፃዊው ብቻውን ፈቀደ ማለት አይበቃም። ፈቃዱ ሲኒማ፣ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብን በስም ይጥቀስ፤ አለበለዚያ ዩቲዩብ ላይ ገቢው ለሌላ ይሄዳል። ካልተሳካ ለሠርጉ አዲስ ዜማ አሠሪ፤ ቀረፃው ከመጀመሩ በፊት ይድረስ፣ ጭፈራው በእሱ ምት ነው የሚቀረፀው።

ውል ተመልካች
ለዜማ ሠሪውም የጽሑፍ ውል አዘጋጂ። ለሁሉም ክፍያ ደረሰኝ ያዢ፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ ብር ግብር ሲሰላ ወጪ ሆኖ አይያዝልሽም፤ ዘመድሽም ሒሳብ ሲጠይቅ የምታሳዪው እሱን ነው።