ጌራ መንገድ ላይ ያለ የተማሪዎች ካምፕ፦ አገር በቀል ዛፍ ተክለን አለቀብን፣ ምን አጠፋን?

የካምፑ አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ በአጋሮ አድርጎ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ፣ ክረምት ላይ መኪና ቆሞ አንድ ሰዓት በእግር የሚገባበት ቦታ ነው የምሠራው። ተማሪዎች መጥተው ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፣ ስለ ጫካና ስለ ወንዝ ይማራሉ። ግቢያችን ውስጥ ድሮ የግጦሽ መሬት የነበረ ሁለት ሄክታር ያህል ባዶ ሜዳ አለ። አጥሩን ተሻግሮ ግን ጫካ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ሲጮህ እንሰማለን። ሜዳውን ወደ ጫካ መመለስ ነው የምንፈልገው፣ ባህር ዛፍም ግራቪሊያም ሳይገባበት።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ 300 ችግኝ ተከልን፤ ቀረሮ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ዋንዛ። ሚያዝያ ላይ ስንቆጥር 41 ብቻ ቀርቷል፣ እሱም አብዛኛው ዋንዛ ነው። ቀረሮ አንድም የለም። ልጆቹ በየችግኙ አጠገብ ስማቸውን የጻፉበት እንጨት ተክለው ነበር፣ አሁን የቆመው እንጨቱ ብቻ ነው። በጣም አዝኛለሁ። ዘንድሮ ሌሎች ልጆች ይመጣሉ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

ችግኝ ጣቢያ የኖርኩ
አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ጊዜው፦ ነሐሴ መጨረሻ ረፍዷል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ግን ሥር ሳይዝ ኅዳር የደረሰበት ችግኝ እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወራት አይችለውም። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፣ ጥቁሩን የላይ አፈር ለብቻው አስቀምጡ፣ ሰኔ ላይ መሬቱ ጠግቦ ሲረጥብ ትከሉ።

ለእኔ ትልቁ ስህተት ግን ቀረሮና ዝግባን ፀሐይ ላይ ማስጣታችሁ ነው። እነዚህ በልጅነታቸው ጥላ ይፈልጋሉ። ጫካው ውስጥ ግባና እይ፣ የቀረሮ ቡቃያ የምታገኘው ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው። ዘንድሮ ብሳና፣ ብርብራ፣ ሰሳና ዋንዛ ብቻ ትከሉ። ቶሎ ያድጋሉ፣ ፀሐይ አይፈሩም፣ ብርብራና ሰሳ ደግሞ ልክ እንደ ባቄላ አፈሩን ናይትሮጅን ይመግቡታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥላ ሲሠራ ቀረሮውን ከሥር ታስገባላችሁ። እስቲ ደግሞ ከሞቱት አንድ ሁለቱን ንቀልና ሥራቸውን እይልኝ።

የካምፑ አስተማሪ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ነቅዬ አየሁ። ሁለቱ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ነው የተቀበሩት! ሥሩ ወደ ውጭ መውጫ አጥቶ እዚያው እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ሦስተኛው ሣር ውጦት ነው የደረቀው። ለልጆቹ እኔ ነበርኩ ማሳየት የነበረብኝ።

ቡና አልሚዋ
ልጄ፣ አንድ ጊዜ በእጅህ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደህ አሳያቸው፣ ከዚያ በኋላ አይስቱም። እኔ ቡናዬን ያሳደግኩት በሰሳ ጥላ ነው፣ እኛ ሰፈር አምባቤሳ ነው የምንለው፣ እና የተባለው ሁሉ ልክ ነው።

የምጨምረው፣ ዘሩን ራሳችሁ ልቀሙ። የዋንዛ ፍሬ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ውስጡ ሙጫ ነው፣ ልጆች ይወዱታል። አሽታችሁ፣ በውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። የጥቁር እንጨትንና የቀረሮን ዘር ግን እንዳታደርቁ! ከደረቀ ይሞታል፣ በለቀማችሁ በቀናት ውስጥ መደብ ላይ ይግባ። ብርብራ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። ሰፌድ ላይ አስጡትና ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጣቸው፣ ምን ያህል እንደሚደሰቱ ታያለህ።

የሸቤ ልጅ
በለጠ ጫካ አጠገብ ነው ያደግኩት። ማንም ያላነሳው ነገር ከብት ነው። የግጦሽ መሬት ነበር ካልክ ጎረቤቶችህ ሲያሰማሩበት የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ዝም ብለህ ብታጥርባቸው ቅር ይላቸዋል፣ አጥሩም አይቆይም። ቀድመህ አነጋግራቸው። ሣሩን እያጨዱ ይውሰዱ፤ እነሱ መኖ ያገኛሉ፣ አንተ ችግኝህ ከሣር ይገላገላል። ቀፎ የሚሰቅል ካለም አትከልክል፣ ብሳና ሲያብብ ንቡ እንዴት እንደሚሰፍርበት ማንም ያውቃል።

ሌላው፣ ጫካው እዚያው አጠገብህ ከሆነ ሁለቱን ሄክታር በሙሉ ለምን ትተክላለህ? ወደ ጫካው ያለውን ግማሽ ከከብት ጠብቀህ ተወው። ወፍና ጦጣ ዘር ያመጣሉ፣ መሬቱም የያዘው አለ። እኛ ቤት ጀርባ የተተወ ማሳ ነበር፣ ማንም ሳይተክልበት ብሳና ወረሰው። የምትተክለውን ከጫካው ራቅ ባለው በኩል አድርገው፣ ዘር በራሱ ወደማይደርስበት።

የካምፑ አስተማሪ
ይሄ ጭራሽ አልታየኝም ነበር። እሁድ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ቡና እንጠጣለን ብለናል፣ የሣሩን ነገር እዚያው አነሳለሁ። ጉድጓድ ከነገ ወዲያ እንጀምራለን፣ ለግማሹ ብቻ። የተረፉትን 41 ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ዙሪያቸውን አርሜ ኮተኮትኩላቸው። አንዱ ዋንዛ ጉልበቴ ደርሷል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ላይ የተጻፈው ስም አሁንም ይነበባል። ለልጅቷ ፎቶውን እልክላታለሁ።