የፎስፈረስ ቫለንሲ 3 ነው ወይስ 5?

ሰላም ለሁላችሁ። ከኤሌክትሮን አደራደር (ማለትም በየምህዋሩ ካለው የኤሌክትሮን ብዛት) ተነስቼ ቫለንሲ፣ ማለትም አንድ አቶም ሲዋሃድ የሚሰጠውን፣ የሚቀበለውን ወይም የሚጋራውን የኤሌክትሮን ብዛት፣ ማውጣት ላይ ተቸግሬአለሁና እባካችሁ አስረዱኝ። ሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ስለሆነ አንዱን ይሰጣል፤ ቫለንሲው 1 ነው። ኦክስጅን 2፣ 6 ነው፤ ስምንት ለመሙላት ሁለት ስለሚጎድለው ቫለንሲው 2 ይሆናል። እስከዚህ ግልጽ ነው።

ግራ ያጋባኝ ፎስፈረስ ነው። አደራደሩ 2፣ 8፣ 5 ስለሆነ ከስምንት አምስት ሲቀነስ 3 ይመጣል፤ ከሦስት ክሎሪን ጋር የሚሠራው ውህድም ይህንኑ ያሳያል። ታዲያ ከአምስት ክሎሪን ጋር የሚዋሃደው እንዴት ነው? ናይትሮጅን እኮ በውጨኛው ምህዋር እንደ እሱው አምስት ኤሌክትሮን ይዞ ከሦስት ክሎሪን አያልፍም! ልዩነቱ የመጣው ፎስፈረስ ሦስተኛ ምህዋር ስላለው ይሆን? መልሱን መሸምደድ ሳይሆን ምክንያቱን መረዳት እፈልጋለሁ። ደግሞስ ፈተና ላይ አደራደሩ ብቻ ቢሰጠኝ የትኛውን ልጻፍ?