ጥቆማ፦ ኢኮኖሚክስና ክላሲካል ሊበራሊዝም የሚያስተምር የክረምት ኮርስ የቱ ይሻላል?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የታሪክ ተማሪ ነኝ። ኢኮኖሚክስ የወሰድኩት አንድ የመግቢያ ኮርስ ብቻ ነው፤ እሱንም በሽምደዳ ነው ያለፍኩት። በዚህ ክረምት ኢኮኖሚክስን ከክላሲካል ሊበራሊዝም (የግለሰብ ነፃነትን፣ ነፃ ገበያንና የመንግሥትን ሥልጣን መገደብን ከሚያስቀድመው አስተሳሰብ) ጋር አያይዞ የሚያስተምር ቦታ መግባት እፈልጋለሁ። ስሚዝ፣ ሎክ፣ ሃየክ፣ እነሱን እነሱን። እስካሁን ያየኋቸው ሚዝስ ዩኒቨርሲቲ፣ የፋውንዴሽን ፎር ኢኮኖሚክ ኤጁኬሽን (ፊ የሚባለው) ሴሚናሮች፣ በኦንላይን ደግሞ ማርጂናል ሪቮሉሽን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ኢኮኖሚክስ ላልተማረ ሰው የቱ ይሻላል? ስለ ቪዛ አልጠየቅኩም፤ እሱን ራሴ እወጣዋለሁ።

ኦስትሪያዊው፦
ሚዝስ ዩኒቨርሲቲ። አለቀ። ኦበርን፣ አላባማ ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ የኦስትሪያውያኑን ኢኮኖሚክስ (የእነ ሚዝስንና የእነ ሃየክን የነፃ ገበያ ትምህርት) ትጠግባለህ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። መጨረሻ ላይ የፈለገ ሰው በቃል ይፈተናል። ፕሮፌሰሮች ፊት ቁጭ ብሎ መመለስ ምን እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው ወንድሜ።

ሻንጣ፦
ቪዛውስ ግን? ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል?

ሦስተኛ ዓመት፦
አልጠየቅኩም አልኩ እኮ። ደግሞ እህት ነኝ።

ግማሽ ኬንስ፦
እህቴ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የሌላውን ወገን አነባለሁ። ሃየክ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም፤ በ1930ዎቹ ኢኮኖሚው ሲዳከም መንግሥት ወጪ ይጨምር ከሚለው ከኬንስ ጋር ሲከራከር ነው ስሙ የገነነው። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተሽ የምትመለሺ ከሆነ ክርክሩን ግማሹን ነው የምታውቂው።

ኦስትሪያዊው፦
ኮርስ ነው የጠየቀችው፣ ንስሐ አባት አይደለም።

ተቃጥያለሁ፦
ከመመዝገብሽ በፊት የእኔን ስሚ። ስሙን አልጠራም። የተቀበሉኝ ደብዳቤ ላይ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ይላል። በደስታ የክረምት ሥራዬን ተውኩት። በኋላ ሲጣራ ሙሉ የተባለው ትምህርቱና ማደሪያው ነው። የአውሮፕላን ትኬት በራስህ! ተበድሬ ሄድኩ። እዚያስ? ከጠዋት እስከ ማታ ሌክቸር። ውይይት የተባለው ሌክቸሩ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ ነው፤ የሚተርፍ ጊዜ ደግሞ የለም። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። አንድ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ቢለቅና ከታች ያሉት ዓሣ አጥማጆች ቢጎዱ ማን ነው የሚከፍለው? አልኩ። መምህሩ «ገበያው ይፈታዋል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ። ለዚህ ነው የተበደርኩት?

ሰርተፍኬት ብቻ፦
ኧረ የቱ ነው? ስሙን ተናገርና እንዳን!

ሻንጣ፦
ትኬት ካልከፈሉ ቪዛ ላይ ችግር ያመጣል እኮ።

ኦስትሪያዊው፦
ሚዝስ እንዳልሆነ ግን ግልጽ አድርግ። ሰው ይሳሳታል።

ተቃጥያለሁ፦
ስም አልጠራም አልኩ። ነው አላልኩም፣ አይደለም አላልኩም።

ኦስትሪያዊው፦
ይሄ ስም ማጥፋት ነው።

የገደል ማሚቶ፦
እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ስለ ገበያ የሚያስተምሩት በለጋሽ ገንዘብ። ዕቃው ጥሩ ከሆነ ለምን በዋጋው አይሸጡትም? «ነፃ ምሳ የለም» የሚለውን ትምህርት በነፃ ምሳ እያስደገፉ ያስተምራሉ።

ጥግ ያለው ወንበር፦
ቀልዱ ያስቃል፣ ግን አያስኬድም። እነዚህ ሰዎች የሚቃወሙት መገደድን እንጂ መስጠትን አይደለም። በፈቃዱ የሚለግስ ሰው ከሐሳባቸው ጋር አይጣላም። የሚጣላው የመንግሥት ድጎማ ቢቀበሉ ነበር።

የገደል ማሚቶ፦
እሺ ጌታዬ። ምሳው ግን ጣፋጭ ነበር ይላሉ።

ጥግ ያለው ወንበር፦
አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ፤ የረሳናት መሰለኝ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። ማርጂናል ሪቮሉሽን ዩኒቨርሲቲን በ2012 የጀመሩት የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ታይለር ካውንና አሌክስ ታባሮክ ናቸው። አጫጭር ቪዲዮ ነው፣ በነፃ ነው፣ በራስሽ ፍጥነት ነው። ዋናው ሥራው ኢኮኖሚክስ ማስተማር ነው፤ ፍላጎትና አቅርቦት፣ የዋጋ ጣሪያ፣ ንግድ። ስለ ሎክ ብዙ አትጠብቂ። ፊ ከ1946 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ለጀማሪ ወጣት ነው የሚያስበው፣ ቋንቋውም ቀላል ነው። ሚዝስ ዩኒቨርሲቲ ጥልቀት አለው። ግን አንዱን ቅርንጫፍ ነው በጥልቀት የሚያስተምረው፣ ዛፉን በሙሉ አይደለም። ኢንስቲትዩት ፎር ሂዩማን ስተዲስ የሚባልም አለ፤ እሱ አሁን በአብዛኛው ለድህረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን ስለሆነ ለጊዜው ተዪው።

ቅርንጫፍ ያልኩት ለምን መሰለሽ? ክላሲካል ሊበራል የሚባሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሃየክ መንግሥት ለሁሉም ዝቅተኛ የኑሮ ዋስትና ቢሰጥ አልተቃወመም። ኢኮኖሚስቱ ፍሪድማን ደግሞ በ1962 ለድሃው ገንዘብ በታክስ ሥርዓቱ በኩል ይሰጠው ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። የሚዝስ ተከታይ የነበረው ሮዝባርድ ጋ ስትሄጂ መንግሥት የሚባለው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በ1947 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንት ፔለሪን ላይ የዚህ ሐሳብ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ስለ ገቢ ክፍፍል ይወራ ነበር። ሚዝስ (ዩኒቨርሲቲው የተሰየመለት ኢኮኖሚስት) ተነሥቶ «ሁላችሁም ሶሻሊስቶች ናችሁ» ብሎ ጥሏቸው እንደወጣ ፍሪድማን በኋላ ተርኳል። እዚያ የነበሩት እነ ሃየክና ፍሪድማን ናቸው እንግዲህ! ስለዚህ የአምናውን ፕሮግራም አስልኪና እዪው። ይሄ ጠብ ካልተነካ፣ የሚሰጡሽ መፈክር ነው። የቡድን ውይይት ስንት ሰዓት እንደተያዘለት ቁጠሪ። አስቀድሞ የሚነበብ ይልካሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ስኮላርሺፑ ምን ምን እንደሚሸፍን ደግሞ በጽሑፍ ይላኩልሽ፤ የተቃጠለው ወንድማችን ያለው ይሄን ነው።

ኦስትሪያዊው፦
ሚዝስ ትክክል ነበር።

ሦስተኛ ዓመት፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ ነበር የፈለግኩት። ሁለቱን ማጣመርስ ይቻላል? ማለቴ ቪዲዮውን አስቀድሜ ጨርሼ ከዚያ ሴሚናር ብገባ?

ጥግ ያለው ወንበር፦
እሱ ከሁሉ ይሻላል። ዋጋ መረጃ እንደሚሸከም ሳይገባሽ የሃየክን የ1945 ጽሑፍ ለውይይት ብታነቢው ፍልስፍና ብቻ ይመስልሻል። ገብቶሽ ስታነቢው ግን ማዕከላዊ ዕቅድ አውጪው ለምን እንደሚቸገር ወዲያው ይታይሻል። እቅድ አውጪው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያስፈልገው እውቀት በሺህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተበታትኖ ስላለ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ተቃጥያለሁ፣ የወንዙ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልስ አጥተህ መምጣትህ ነው የሚያናድደው፤ መልሱ እዚያው በራሳቸው ጓዳ ነበራ። ኢኮኖሚስቱ ፒጉ በ1920 ጉዳት አድራሹን ታክስ አድርጉት አለ። ሌላው ኢኮኖሚስት ኮስ በ1960 መጣና ጥያቄውን ገለበጠው፦ የወንዙ መብት የማን እንደሆነ በግልጽ ከታወቀና መደራደር ወጪ ከሌለው፣ ሁለቱ ራሳቸው ይስማማሉ። ዓሣ አጥማጆቹ መብቱ ካላቸው ፋብሪካው ይከፍላቸዋል ወይም ማጣሪያ ያስገባል። መብቱ የፋብሪካው ከሆነ ደግሞ እነሱ ከፍለው ያስቆሙታል፣ የሚያዋጣቸው ከሆነ።

ተቃጥያለሁ፦
ተጎጂው ከፋይ? እሱማ ግፍ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ፍትሕ ነው አላልኩም። ማን ይክፈል የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፣ ቆሻሻው ይቁም ወይስ አይቁም የሚለው ሌላ። ኮስ ሁለቱን ነው የለያየው።

ግማሽ ኬንስ፦
ዓሣ አጥማጆቹ ሁለት ሳይሆኑ ሁለት ሺህ ቢሆኑስ? ማን ይሰበስባቸዋል? ማን ይደራደርላቸዋል?

የሕግ ተማሪዋ፦
ኮስ ራሱ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ድርድር ወጪ አለው፤ ወጪው ሲበዛ ሕጉ መብቱን መጀመሪያ ለማን እንደሰጠ ወሳኝ ይሆናል። ሰው «ኮስ ገበያ ይፈታዋል አለ» ሲል የሚዘለው ይሄንን ግማሽ ነው። ኦስትሮምን ደግሞ ተመልከቱ፣ የ2009 የኖቤል ተሸላሚዋን። ግጦሽ፣ የመስኖ ውኃ፣ ዓሣ የሚጋሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ ብዙዎቹ ያለ መንግሥት ትእዛዝና ያለ ግል ባለቤት የራሳቸውን ደንብ አውጥተው እንደሚያስተዳድሩ አሳይታለች። ሁሌም አይሳካላቸውም። መቼ እንደሚሳካ ነው ያጠናችው።

ሰርተፍኬት ብቻ፦
ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ የትኛው ኮርስ ላይ ነው የሚሰጠው? ሰርተፍኬት አለው?

የሕግ ተማሪዋ፦
እኔ የአካባቢ ሕግ ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት። የክረምት ኮርስ ገብቼ አላውቅም።

የገደል ማሚቶ፦
ጥቆማ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ጥግ ያለው ወንበር፦
ሦስተኛ ዓመት፣ የትኛውን ያዝሽ? የፊን ከያዝሽ በአካል ይሁን በኦንላይን አስቀድመሽ አጣሪ።

ሻንጣ፦
በአካል ከሆነ ቪዛው ላይ ንገሪን።

ግማሽ ኬንስ፦
የሕግ ተማሪዋ፣ ወንዙ ሁለት አገር የሚያቋርጥ ከሆነስ? መብቱን የሚሰጠው የማን ፍርድ ቤት ነው?

የሕግ ተማሪዋ፦
እሱን ለብቻው ክፈተውና እዚያ እንከራከር።