የሱዳን ሽግግር፦ ድጋፉ ለምን አልያዘም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አል በሽር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ለጋሾች ለሲቪሉ መንግሥት ብዙ ቃል ገብተው ነበር። በኦክቶበር 2021 ወታደሩ ገለበጠው። ገንዘቡ አንሶ ነው ወይስ አሰጣጡ ተበላሽቶ?

መልስ 1፦ በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ነው የጎዳው። በጁን 2020 በርሊን ላይ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። አሜሪካ ግን ሱዳንን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር ያወጣቻት በዲሴምበር ነው። ከባንኩ አዲስ ገንዘብ እንዳይገኝ ያገደው ሱዳን ለዓለም ባንክ የነበረባት ውዝፍ ዕዳ የተከፈለው በማርች 2021፣ በ1.15 ቢሊዮን ዶላር የአሜሪካ የአጭር ጊዜ ብድር ነው። የነዳጅ ድጎማ በጁን ሲነሣ የዋጋ ንረቱ ከ300 በመቶ በላይ ነበር። ማካካሻ የተባለው «ሰመራት» የተሰኘ ለቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 5 ዶላር ብቻ ነበር፤ እሱም ለብዙ ቤተሰብ ሳይደርስ መፈንቅለ መንግሥቱ ቀደመው። ዳቦ ሰልፍ ላይ ለሚያድር ሰው ድጎማው ከመነሣቱ በፊት ጥሬ ገንዘቡ እጁ መግባት ነበረበት።

መልስ 2፦ ልክ ነው፤ ግን ገንዘቡ ቢፈጥንም አይበቃም ነበር። የአፍሪካ ኅብረትና ኢትዮጵያ ያሸመገሉት የኦገስት 2019 ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ90 ቀን ውስጥ ይቋቋም ይላል። እስከ መጨረሻው አልተቋቋመም። የጦሩ ኩባንያዎች ገቢም ከገንዘብ ሚኒስቴር እጅ ውጪ ቀረ። ለጋሾቹ በድጎማ መነሣትና በምንዛሪ ተመን ማሻሻያ ላይ የጠነከሩትን ያህል በእነዚህ በሁለቱ ላይ አልጠነከሩም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። የ90 ቀኑን ጉዳይ ጭራሽ አላስተዋልኩትም ነበር።